የአባቶች ሣቅና የልጆች ፍርድ

የሰው ልጅ ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዐውቆ የሚሰጠው ሲሆን ሁለተኛው ሳያውቀው የሚሰጠው ነው። ታሪክ ጸሓፊ መጽሐፍ ሲጽፍ፣ ሐውልት የሚያቆምም ሐውልቱን ሲያቆም፣ ትውልዱ ሊታወስበት የሚወደውን ነገር መርጦ ያስቀምጣል። ነገር ግን ያው ትውልድ ከሥራው ተመልሶ ማታ በቤቱ ሲቀመጥ በምን እንደ ሣቀ፣ ምን ሰምቶ እንደ ደነገጠ፣ ምንስ አይቶ ዝም እንዳለ በሐውልቱ ላይ አይቀረጽም። ይህን ሁለተኛውን ምስክርነት ጠብቀው ካቆዩልን ነገሮች አንዱ፣ ብዙዎቻችን የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አድርገን የምንቆጥረው የቀድሞው ዘመን የቴሌቪዥን ድራማ ነው።

ቴሌቪዥን በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር በየቤቱ መግባት በጀመረበት ዘመን፣ ማለት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ብዙዎቹ ድራማዎች በቀጥታ እየተላለፉ እንደ ጥላ አልፈዋል። የተቀረጹትም ቢሆኑ ሁሉም አልተረፉም፤ የእንግሊዙ ቢቢሲ የቀረጸባቸውን ቴፖች እያጠፋ ለሌላ ሥራ ይጠቀምባቸው ስለ ነበረ፣ ከ1960ዎቹ ሥራዎች ብዙዎቹ ዛሬ አይገኙም። በፊልም የተነሡትና በጥንቃቄ የተቀመጡት ግን እነሆ ከ60 እና ከ70 ዓመት በኋላ እንደ ገና ይታያሉ። በብዙዎቹም ላይ የዚያን ዘመን ተመልካች ሣቅ ከጨዋታው ጋር አብሮ ተቀርጾ ቀርቷል።

እንግዲህ አንድ ቤተ ሰብ ተሰብስቦ እንዲህ ያለውን ድራማ ሲመለከት፣ ልጅ ወደ አባቱ ዘወር ብሎ «እነዚህ ሰዎች በዚህ ነገር እንዴት ይሥቃሉ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ምን ይሆናል? ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። አንዱ «ዘመኑ እንዲያ ነበረ» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «የዚያ ዘመን ሰዎች ክፉዎች ነበሩ፤ እኛ ግን ተምረናል» የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች የልጁን ጥያቄ ዘግተው ይሰዱታል እንጂ አይመልሱትም። የመጀመሪያው ጥፋቱን ከሰው ላይ አንሥቶ በዘመን ላይ ይጭነዋል፤ ሁለተኛውም መልስ ሰጪውን ሳይመረመር ያጸድቀዋል። ስለዚህ ከታወቁት ድራማዎች ጥቂቶቹን እያነሣን፣ ከሁለቱ የተሻለ መልስ ይገኝ እንደ ሆነ ብንመረምር መልካም መስሎ ይታየናል።

ቃልን ስለ መጠበቅና እጅን ስለ መጠበቅ

ከቀድሞዎቹ ድራማዎች መካከል ስሙ እጅግ የገነነው «አይ ላቭ ሉሲ» የሚባለው ነው። ትርጓሜውም «ሉሲን እወዳታለሁ» ማለት ነው። ይህ አስቂኝ ድራማ ከ1951 እስከ 1957 ዓ.ም. ድረስ ሲቢኤስ በተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ይታይ ነበር። በውስጡ ባልና ሚስት ሆነው የሚጫወቱት ሉሲል ቦልና በኩባ የተወለደው ዴዚ አርናዝ በእውነተኛ ኑሮአቸውም ባልና ሚስት ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. ሉሲል ቦል በፀነሰች ጊዜ የፅንሱ ነገር በድራማው ውስጥ እንዲገባ ታሰበ። በዚያን ጊዜ ግን እርጉዝ ሴትን በቴሌቪዥን ማሳየት ነውር ይመስል ስለ ነበረ፣ ጣቢያውም፣ ወጪውን ይከፍል የነበረው የሲጋራ ኩባንያም ተጨነቁ። በመጨረሻም «እርጉዝ» የሚለው ቃል እንዳይነገር፣ በምትኩም «ልጅ ትጠብቃለች» እንዲባል ተወሰነ። ከዚህም በላይ አንድ የካቶሊክ ቄስ፣ አንድ የፕሮቴስታንት ሰባኪና አንድ የአይሁድ ረቢ ጽሑፉን አስቀድመው እያነበቡ ነውር እንዳይገኝበት እንዲመረምሩ ተደረገ። ባልና ሚስቱ ሲተኙም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አልጋ ላይ ነበረ።

ሕፃኑ የተወለደበት ክፍል በጥር 19 ቀን 1953 ዓ.ም. በታየ ጊዜ ወደ 44 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ ተመለከተው። በማግሥቱ ጄኔራል አይዘንሃወር ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ የተመለከተው 29 ሚሊዮን ያህል ነበረ። ይህን የምንጠቅሰው አንድ ቤተ ሰብ በጨዋታ መልክ ሲታይ በሕዝብ ልብ ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ለማስረዳት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በዚያው ድራማ፣ በአንዳንድ ክፍሎች፣ ባልየው ሚስቱን እንደ ሕፃን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ በመዳፉ ሲመታት ይታያል። ተመልካቹም ይሥቃል። ስለ አንድ ቃል ሦስት የሃይማኖት ሰዎች እንዲመረምሩ በተጠየቁበት ድራማ፣ ይህ ድርጊት ግን ነውር ሆኖ ሳይከለከል ወጥቶ ታየ። «እርጉዝ» የሚለውን ቃል ለመስማት ያፈረ ጆሮ፣ ጐልማሳ ሴት ስትመታ የጥፊውን ድምፅ ሰምቶ አላፈረም።

እነዚያን ሦስት ሰዎች ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምንጽፈው። የተጠየቁት ስለ ፅንሱ ነገር ነበረ፤ የአንደበትን ንጽሕና መጠበቅም መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ከዚህ የምንማረው ታላቅ ቁም ነገር አለ። ዘበኛ አንዱን በር ተግቶ ሲጠብቅ፣ ሌላው በር ተከፍቶ ማደሩን ላያውቅ ይችላል። እንዲያውም በተዘጋው በር የሚሰማው እርካታ የተከፈተውን እንዳያይ ያደርገዋል። የአንድ ማኅበረ ሰብ ኅሊና የሚደነግጠው እንዲደነግጥበት በተማረው ነገር ነው፤ ሳይማር የቀረውን ነገር በዓይኑ ፊት ቢያደርጉለትም እንደ ቀልድ ያልፈዋል።

በ1955 እና በ1956 ዓ.ም. በ39 ክፍሎች የታየው «ዘ ሃኒሙነርስ» የሚባለው ድራማም ይህንኑ ያስረዳናል። ጃኪ ግሊሰን የሚጫወተው ራልፍ፣ በኒውዮርክ ብሩክሊን የሚኖር ድኻ አውቶቡስ ነጂ ነው። ሚስቱ አሊስ በሐሳብ በረታችበት ቍጥር ጡጫውን ጨብጦ፣ እስከ ጨረቃ ድረስ አስፈንጥሮ እንደሚሰዳት ይዝትባታል። በእውነቱ ግን አንድ ጊዜም አይመታትም፤ እርሷም አትፈራውም፤ በመጨረሻም አብዛኛውን ጊዜ ተሳስቶ የሚገኘውና ይቅርታ የሚጠይቀው እርሱ ነው። ስለዚህ ድራማው ክፉ ነው ለማለት አይቻልም። ዳሩ ግን ቀልድ ሊያሥቅ የሚችለው ሰሚው ነገሩን አስቀድሞ የሚያውቀው እንደ ሆነ ነው። በእነዚያ ሁሉ ቤቶች ከተሰበሰቡት ተመልካቾች መካከል፣ ጡጫው ዛቻ ብቻ ሆኖ የማይቀርላት ሴት ተቀምጣ ብትሆን፣ ባሏና ልጆቿ በአጠገቧ ሲሥቁ እርሷ ምን ትል ነበር? የሕዝብ ሣቅ የተበደለውን ሰው አፍ ከሚዘጉ ነገሮች ሁሉ የበረታ ነው። በደሉን የሚክድ ሰው ቢመጣ ይከራከሩታል፤ በበደሉ የሚሥቀውን ግን ምን ብለው ይከራከሩታል?

«ዘመኑ እንዲያ ነበረ» የሚለው መልስ የማይበቃውም በዚህ ምክንያት ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ የመጀመሪያውን የቆሮንቶስ መልእክት ሲተረጕም፣ ሚስትን መምታት የተመቺዋ ሳይሆን የመቺው ታላቅ ውርደት መሆኑን በግልጥ አስተምሯል። ይህ ትምህርት ድራማው ከመሠራቱ 1,500 ዓመት ያህል አስቀድሞ በክርስቲያኖች መጻሕፍት ውስጥ ተጽፎ ይገኝ ነበር። እንግዲህ የጐደለው ዕውቀት አልነበረም፤ የታወቀውን ነገር ከመጽሐፍ አውጥቶ ወደ ቤት ማግባት ነበረ እንጂ።

ይህ የአሜሪካ ነገር ነው ብለን ደግሞ እንዳናልፈው፣ ወደ አገራችንም መመልከት ይገባናል። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ ራስ አድርጎ ይደነግግ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን የቤተ ሰቡን አስተዳደር ለሁለቱም በእኩልነት ሰጥቷል። ሴትንና አህያን ከዱላ ጋራ አንድ ላይ የሚያነሣው የቆየ ተረትም ከየትም የመጣ አይደለም፤ በእኛው ሸንጎና በእኛው ማጀት ያደገ ነው። ራስ መባል ራስን አሳልፎ ለመስጠት ነው እንጂ ለመምታት ፈቃድ አለመሆኑን ሐዋርያው ባልን በክርስቶስ መስሎ አስተምሮናል። ቢሆንም ተደብድባ ወደ ሽማግሌ ወይም ወደ ንስሐ አባቷ የሄደች ሴት፣ «ባልሽ ነው፤ ቻዪው» ተብላ ወደዚያው ቤት የተመለሰችበት ጊዜ የለም ብሎ የሚምል ማን ነው? እንዲህ ያለው ምክር ሣቅ የለበትም፤ ፍሬው ግን ከሣቁ ፍሬ አይለይም።

ስላልታየው ሰው

እስከ አሁን የተናገርነው በግልጥ ስለሚታየው ነገር ነው። ነገር ግን አሮጌ ድራማ ሲታይ ከሚታየው ይልቅ የማይታየው የሚናገርበት ጊዜ አለ።

ከ1951 እስከ 1953 ዓ.ም. «ኤሞስ ኤንድ አንዲ» የሚባል የጥቁር አሜሪካውያንን ኑሮ የሚያሳይ አስቂኝ ድራማ ነበር። አስቀድሞ በሬዲዮ ሲሰማ የጥቁሮቹን ድምፅ እያስመሰሉ የሚጫወቱት ሁለት ነጮች ነበሩ፤ በቴሌቪዥን ግን ጥቁር ተዋንያን ተጫወቱት። ስለ ጥቁሮች መብት የሚሟገተው ብሔራዊ ማኅበር ድራማው ሕዝቡን ሰነፍና አታላይ አስመስሎ ያሳያል ብሎ ስለ ተቃወመ፣ አዲስ ክፍል መሠራቱ ቆመ። ይሁን እንጂ የተሠራው እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ በየጣቢያው ሲደጋገም ቆይቶ ከዚያ በኋላ ተነሣ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ምን ነበረ? ለብዙ ጊዜ የመጣው ክብር ሳይሆን ዝምታ ነበረ። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ከጥቅምት 1960 እስከ 1968 ዓ.ም. የታየውና ብዙ ሰው ዛሬም በናፍቆት የሚያስታውሰው «ዘ አንዲ ግሪፊት ሾው» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በኖርዝ ካሮላይና ክፍለ ሀገር አለች በምትባል ሜይቤሪ በምትባል የልብ ወለድ ከተማ ነው። ሚስቱ የሞተችበት አንድ የፖሊስ ሹም ትንሽ ልጁን እያሳደገ፣ ሕዝቡን ያለ ጠመንጃ በትዕግሥትና በቀልድ ያስተዳድራል። ልጅ ስለ ማሳደግ፣ ስለ እውነተኛነት፣ ለድኻ ስለ መራራት በውስጡ የሚገኘው ትምህርት በእውነቱ ያማረ ነው።

አሁን የዘመኑን ታሪክ ከድራማው ጐን እናስቀምጥ። በዚያችው ክፍለ ሀገር፣ ግሪንስቦሮ በተባለችው እውነተኛ ከተማ፣ በየካቲት 1 ቀን 1960 ዓ.ም. አራት ጥቁር ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተለየ የምግብ መሸጫ ተቀምጠው ምሳ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ተከለከሉ፤ ግን አልተነሡም። በማግሥቱ ሌሎች ተጨመሩላቸው፤ ነገሩም ወደ ብዙ ከተሞች ተዛመተ። ድራማው የተጀመረው ይህ ከሆነ ከስምንት ወር በኋላ ነው። በ249 ክፍሎቹ ውስጥ ግን ስም ኖሮት፣ ቃል ተሰጥቶት የሚናገር ጥቁር ሰው ማግኘት እጅግ ብርቅ ነው። በከተማዋ ውስጥ ማንም አይሰደብም፤ ማንም ከምግብ ቤት አይባረርም፤ ምክንያቱም የሚሰደበውና የሚባረረው ሰው በመጀመሪያውኑ አልገባም። ሰውን መሳለቂያ ማድረግ በደል መሆኑ ሲታወቅ፣ ሰውየውን ማክበር ሲገባ እርሱን ራሱን ማስቀረት ቀላል መንገድ ሆኖ ተገኘ። ሰላም የሰፈነበት የሚመስል ቤት፣ ሰላሙ የተገኘው ተበዳዩ በሩ ላይ ስለ ቀረ መሆኑን መመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በዚሁ ድራማ ኦቲስ የሚባል ሰካራም አለ። ሰክሮ በመጣ ቍጥር የእስር ቤቱን ቍልፍ ከግድግዳው አንሥቶ ራሱን ያስራል፤ ጧት በር ከፍቶ ይወጣል። በዚህ ሁሉ ይሣቅ ነበር። ዛሬ የስካር ሱስ የሚያፈርሰውን ትዳርና የሚያስርበውን ልጅ የሚያውቅ ተመልካች እንደ ቀድሞው መሣቅ ያቅተዋል። ደስ የሚያሰኘው ነገር፣ በ1986 ዓ.ም. እነዚያው ተዋንያን እንደ ገና ተሰብስበው ፊልም በሠሩ ጊዜ፣ ኦቲስ መጠጡን ትቶ፣ አይስክሬም እየዞረ የሚሸጥ ሰው ሆኖ መታየቱ ነው። የሰው ኅሊና በአንድ ዕድሜ ውስጥ እንኳ ሊማርና ያሣቀውን ነገር ሊያርም እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

አንዱ ዓይን በርቶ ሌላው ስላልበራ

«የዚያ ዘመን ሰዎች ክፉዎች ነበሩ» የሚለውን ሁለተኛውን መልስ ደግሞ ሌላ ድራማ ያፈርስልናል። ከ1966 እስከ 1969 ዓ.ም. የታየው «ስታር ትሬክ» የሚባለው ድራማ ሰዎች ከ200 እና ከ300 ዓመት በኋላ በከዋክብት መካከል በመርከብ ሲጓዙ የሚያሳይ ነው። ኒሼል ኒኮልስ የተባለችው ጥቁር ተዋናይት በዚህች መርከብ ላይ አገልጋይ ሳትሆን መኰንን ሆና ትታይ ነበር። ይህ በዚያ ዘመን ታላቅ ነገር ነው። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሥራውን ልትተው ባሰበች ጊዜ፣ ቄስ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ አግኝተዋት እንዳትተወው እንደ መከሯት እርሷ ራሷ ብዙ ጊዜ ተናግራለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን፣ በሰኔ 3 ቀን 1969 ዓ.ም. በታየው በዚያው ድራማ የመጨረሻ ክፍል ላይ፣ አንዲት ሴት የመርከብ አዛዦች ዓለም ሴትን እንደማይቀበል ስታማርር ትሰማለች። ድራማው ግን ስለ አቤቱታዋ መልስ አይሰጥም፤ እርሷን በቅናት ያበደች አድርጎ ያሳያታል። የቆዳ ቀለም ልዩነት የማይታይበትን ሩቅ ዘመን በሐሳባቸው ለማየት የቻሉ ጸሓፊዎች፣ በዚያው ሩቅ ዘመን ሴት መርከብ ልታዝዝ ትችላለች ብለው ለማሰብ ተሳናቸው። ይህን ስሙን የወረሰ ሌላ ድራማ ሴትን የታሪኩ ዋና አዛዥ አድርጎ ያሳየው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ 26 ዓመት ቈይቶ ማለት ነው።

እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። በዘመናቸው ከነበሩት ብዙዎች ይልቅ አርቀው የሚያዩ፣ ስለሚያዩትም የሚደፍሩ ነበሩ። ነገር ግን አንድ ዓይን ሲበራ ሌላው ወዲያው አብሮ አይበራም። በአንዱ ነገር ጻድቅ የሆነ ሰው በሌላው ነገር ዕውር ሊሆን እንደሚችል ካወቅን፣ ዛሬ በአንዱ ነገር ዓይናችን የበራልን እኛስ በሌላው ምን ያህል እናያለን?

መስተዋቱና ተመልካቹ

ድራማ ጥፋትን ገልጦ ቢያሳይ ሰው ሁሉ ይመለሳል ብለን ደግሞ እንዳንታለል። በ1971 ዓ.ም. «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» የሚባል ድራማ በሲቢኤስ ጣቢያ ተጀመረ። አዘጋጁ ሚስተር ኖርማን ሊር ሐሳቡን ያገኙት ቢቢሲ በ1960ዎቹ ካሳየው ከእንግሊዙ ድራማ ነው። አርቺ ባንከር የሚባለው ሰው ከእርሱ ዘርና ልማድ የተለየውን ሁሉ የሚንቅ፣ ሚስቱንም እየጮኸ የሚያዋርድ ነው። የአዘጋጁ ዓላማ ይህን ንቀት በሣቅ አራቁቶ ለማሳየት ነበረ። በ1974 ዓ.ም. ቪድማርና ሮኪች የተባሉ ተመራማሪዎች ተመልካቾችን ጠይቀው ያሳተሙት ጥናት ግን እንዲህ የሚል ሆነ፤ ንቀት በልባቸው የሌለባቸው ሰዎች በአርቺ ላይ ሲሥቁ፣ ንቀት ያለባቸው ሰዎች ግን እርሱ እውነቱን የሚናገር መስሏቸው ከእርሱ ጋር ይሥቁ ነበር።

ሣቁ አንድ፣ ልቡ ግን ሁለት ነበረ ማለት ነው። መስተዋት ፊትን ያሳያል እንጂ አያጥብም። ነቢዩ ናታን ለንጉሡ ለዳዊት የድኻውን ሰው በግ ታሪክ በነገረው ጊዜ፣ ንጉሡ በታሪኩ ውስጥ ባለው ባለጠጋ ላይ ወዲያው ተቈጥቶ ፈረደ። ፍርዱ ትክክል ነበረ፤ ሰውየውን ግን አላወቀውም። ታሪኩ ፍሬ ያፈራው ነቢዩ ጣቱን ወደ ንጉሡ ባዞረ ጊዜ፣ ንጉሡም በደሉን ባመነ ጊዜ ነው። አሮጌ ድራማ ተቀምጦ የሚያይ ሰውም በቀድሞ ሰዎች ላይ የሚፈርደው ፍርድ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። የጐደለው፣ ከፍርዱ በኋላ ጣቱን ወደ ራሱ የሚያዞርለት ነው።

የቀድሞው ዘመን እኛን ስለሚወቅስበት ነገር

ለውጥ ሁሉ መሻሻል ነው ማለትም ስሕተት ነው። ከ1972 እስከ 1981 ዓ.ም. የታየው «ዘ ዎልተንስ» የሚባለው ድራማ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በቨርጂኒያ ተራሮች ይኖር የነበረ አንድ ድኻ ቤተ ሰብ የሚታይበት ነው። አያቶች፣ ወላጆችና ልጆች በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ በአንድ ማዕድ ይበላሉ፤ መብራት ሲጠፋም ከየመኝታቸው ስም እየጠሩ ደኅና እደሩ ይባባላሉ።

አያቲቱን ሆና የምትጫወተው ኤለን ኮርቢ በ1976 ዓ.ም. መጨረሻ በስትሮክ ታማ አንደበቷ ተሳሰረ። አዘጋጆቹ ግን በሌላ ተዋናይት አልለወጧትም። በ1978 ዓ.ም. ስትመለስ፣ ያቺው የድራማዋ አያት ታማ እንደ ተመለሰች ተደርጋ፣ በጥቂት ቃል ብቻ እየተናገረች በማዕዱ ተቀመጠች። በዚያው ዓመት አያቱን ሆኖ የሚጫወተው ዊል ጊር በሞተ ጊዜም፣ ድራማው ሞቱን ሳይደብቅ ቤተ ሰቡ ሲያዝንለት አሳየ። ዛሬ ሽማግሌና ሕመምተኛ ከሰው ዓይን ተሰውሮ እንዲቀመጥ በሚፈለግበት ዘመን፣ አንደበቷ የተሳሰረ አሮጊት በማዕድ ራስ ተቀምጣ ስትታይ ማን ይወቀሳል? እኛ ነን እንጂ እነርሱ አይደሉም።

እንዲሁም በሉሲ ድራማ የተደረገው የአንደበት ጥንቃቄ ከልክ ያለፈ ቢመስለንም፣ ከኋላው የነበረው ሐሳብ፣ ማለት በዚህ ሰዓት በዚህ ክፍል ውስጥ ሕፃን ተቀምጦ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ፣ ዛሬ ተረስቷል። እነርሱ እጅን ሳይጠብቁ ቃልን ጠበቁ፤ እኛ ደግሞ ስለ እጅ ተምረን ቃልን ጣልን። አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን መክፈት መሻሻል አይባልም።

እንዴት እንመልከት?

በሰኔ 2020 ዓ.ም. በአሜሪካ ስለ ዘር በደል ታላቅ ቍጣ በተነሣ ጊዜ፣ «ፎልቲ ታወርስ» የተባለው የእንግሊዝ ድራማ በ1975 ዓ.ም. የተሠራ አንድ ክፍሉ፣ አንድ ሽማግሌ ዘርን የሚሰድብ ቃል ስለሚናገርበት ከአንድ ድርጅት ማሳያ ወጣ። ክርክርም ስለ ተነሣ ጥቂት ቆይቶ ማስጠንቀቂያ ተጨምሮበት ተመለሰ። በዚህ ነገር የሰው አሳብ ተከፍሏል። አንዳንዱ ክፉው ሁሉ ተቈርጦ ይጣል ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይባልበት እንዳለ ይታይ ይላል።

በእኛ አስተያየት የተሻለው መንገድ ቅዱሳት መጻሕፍት ራሳቸው ያሳዩን መንገድ ነው። የዳዊት በደልም ሆነ የጴጥሮስ ክሕደት ከመጽሐፍ አልተፋቀም፤ ያለ ወቀሳም አልተተወም። ተጽፎ፣ ተነቅፎ፣ መማሪያ ሆነ። እንግዲህ ወላጆች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንና ካህናት ከወጣቶች ጋር ስለ እንደዚህ ያለ ድራማ በሚነጋገሩበት ጊዜ ሦስት ነገር ቢጠይቁ ይጠቅማል እንላለን። አንደኛ፣ የዚያ ዘመን ተመልካች የሣቀው የት ላይ ነው? በዚያ ሣቅ የሚጐዳውስ ማን ነበር? ሁለተኛ፣ በዚህ ቤትና በዚህ ከተማ መኖር ሲገባው የሌለው፣ ወይም ኖሮ ቃል ያልተሰጠው ማን ነው? ሦስተኛ፣ በዚህ ድራማ ውስጥ እኛን የሚወቅስ ምን መልካም ነገር አለ? ሦስተኛው ጥያቄ ከተረሳ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወደ ትዕቢት ያደርሳሉ።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚከብደውን ጥያቄ እናንሣ። የዛሬ ሰው ሁሉ ሳያስበው ድራማ ሠሪ ሆኗል። ሠርጉን፣ ክርስትናውን፣ ማኅበሩን፣ የበዓል ማዕዱን በስልኩ ይቀርጻል፤ የተቀረጸውም ይቀመጣል። ከ60 ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻችን ከፍተው ሲያዩት ምን ያዩ ይሆን? የደስታው ዘፈንና እልልታ ይሰማል፤ የክብር እንግዶቹ በየስማቸው ይጠራሉ። በማዕዘኑ በኩል ግን አንዲት ልጅ ሳሕን ይዛ ታልፋለች። ወጡን የሠራች፣ ሕፃኑን ያዘለች፣ ከሁሉ በፊት ተነሥታ ከሁሉ በኋላ የምትተኛ የቤት ሠራተኛ ናት። ስሟን የሚጠራ የለም፤ በፎቶግራፉ ላይ አትቆምም፤ በአነጋገሯ ቢቀለድ ሁሉም ይሥቃል። ያን ጊዜ አንድ ሕፃን ወደ አባቱ ዘወር ብሎ «እነዚህ ሰዎች በዚህ ነገር እንዴት ይሥቃሉ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አባቱስ «ዘመኑ እንዲያ ነበረ» ብሎ ይመልስለት ይሆን?

ጌታችን በወንጌል የነቢያትን መቃብር የሚያስጌጡትንና በአባቶቻቸው ዘመን ቢኖሩ ኖሮ ከደሙ እንደማይተባበሩ የሚናገሩትን ሰዎች ገሥጿቸዋል። የሞተውን ነቢይ ማክበር ቀላል ነበረ፤ በፊታቸው የቆመውን ግን አላወቁትም። በ1953 ዓ.ም. ሣቅ ማፈርም እንደዚሁ ቀላል ነው፤ ምንም ወጪ የለበትም። የሚያስወጣው፣ ዛሬ ማታ በገዛ ቤታችን የምንሥቀውን ሣቅ ማቆም፣ ሳሕኑንም ተቀብሎ ልጅቱን በስሟ ጠርቶ በማዕድ ማስቀመጥ ነው።